«ሴ» እና «ተ»፦ ስለ ራስ አድራጊ ግሥና ስለ አንድ የኮርታሳር አጭር ልቦለድ

የስፓኝኛ መማሪያ መጻሕፍት ራስ አድራጊውን ግሥ የሚያስተዋውቁት አብዛኛውን ጊዜ በጠዋት ተግባሮች ነው። በምሳሌው ውስጥ ያለው ሰው ይነቃል፣ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ይለብሳል። ተማሪውም «ሜ ላቦ፣ ቴ ላባስ፣ ሴ ላባ፣ ኖስ ላባሞስ፣ ኦስ ላባይስ፣ ሴ ላባን» እያለ የ«ታጠበ»ን እርባታ ይሸመድድና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ይህ እርባታ ከፈተና ያለፈ ጥቅም ያለው አይመስልም። እኔ ግን አንድ ታላቅ አጭር ልቦለድ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ እንደቆመ፣ ሰንጠረዡን ያላየ ሐያሲም ሆነ ተርጓሚ ታሪኩን ሳያውቀው ሊያፈርሰው እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ። ታሪኩ የአርጀንቲናዊው ደራሲ የኹሊዮ ኮርታሳር «ኖ ሴ ኩልፔ ኣ ናዲዬ» ነው። የሚገኘውም መጀመሪያ በ1956 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1964 ሰፍቶ በወጣው «ፊናል ዴል ኹዌጎ» (የጨዋታው ፍጻሜ) በተባለው መድበል ውስጥ ነው።

የታሪኩ ድርጊት እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ሰው ሚስቱ ለሠርግ የሚሆን ስጦታ አብሯት እንዲመርጥ በአንድ መደብር ትጠብቀዋለች። ጊዜው መሽቶበታል፤ ብርድም ነው። ከቁም ሣጥኑ ሰማያዊ ሹራብ አውጥቶ በመስተዋት ፊት ሊለብስ ይጀምራል። ሹራቡ እንቢ ይለዋል። ራሱ በአንገቱ ይሁን በእጅጌው በኩል እንደገባ አያውቅም፤ ፊቱ በሱፍ ይታፈናል፤ አንድ እጁ ብቻ ወደ ውጭ ያመልጣል። ያ ቀኝ እጅ ቀስ በቀስ የእርሱ መሆኑ ያበቃል፤ ጥፍሩን አሹሎ ዐይኑን ሊያጠፋ ይመጣበታል። ሰውዬው ከእጁ ሸሽቶ ወደ ሹራቡ ተመልሶ ይገባል፤ ትረካው የሚያበቃውም በአየርና በዐሥራ ሁለት ፎቅ ነው። ይህ ሁሉ የተጻፈው አንድም ጊዜ አንቀጽ ሳይከፈል ነው፤ አንባቢውም እንደ ሰውዬው አየር ያጥረዋል።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። በ«ሜ ላቦ» ውስጥ «እኔ» ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። በግሡ መጨረሻ ያለው «ኦ» አድራጊውን እኔን ያመለክታል፤ ከፊት የቆመው «ሜ» ደግሞ የሚደረግበትን እኔን። «ቴ ላባስ» ሲባልም አንተ ሁለት ነህ፤ አንዱ ያጥባል፣ ሌላው ይታጠባል። ባለቤቱ ሲለወጥ ሁለቱም ምልክቶች አብረው ይለወጣሉ። የአማርኛው «ተ» እንዲህ አይደለም። «ታጠብኩ፣ ታጠብክ፣ ታጠብሽ፣ ታጠበ፣ ታጠበች፣ ታጠብን፣ ታጠባችሁ፣ ታጠቡ» ስንል ከመጨረሻው ያለው የባለቤት ምልክት ይለዋወጣል እንጂ «ተ» በቦታው ነው፤ ሰውዬውም የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አማርኛ በፆታ ረገድ ከስፓኝኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ ስፓኝኛው «ሴ ላባ» ለእርሱም ለእርሷም ለእርስዎም ያገለግላል። በሰውዬው ውስጥ ያሉትን አድራጊና ተደራጊ ለይቶ በመቁጠር ግን ስፓኝኛ ይበልጣል። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህን ልዩነት የሚያስተውል ስፓኝኛ ተናጋሪ ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማንም ሰው ሹራብ በለበሰ ቁጥር «እኔ ሁለት ነኝ» አይልም። የኮርታሳር ጥበብ ግን እዚህ ላይ ነው። ልማድ ያደነዘዘውን ምልክት ቃል በቃል ይወስደዋል። ልብስ የመልበሻው ግሥ «ፖኔርሴ» ሲተነተን «በራስ ላይ ማኖር» ነው። የሚያኖረውና የሚኖርበት ሁለት ከሆኑ ሊጣሉም ይችላሉ፤ በታሪኩም ይጣላሉ።

እዚህ ላይ አማርኛው መሰናክል ይገጥመዋል። «ለበሰ» ያለምንም ምልክት ራስን የሚመለከት ግሥ ነው፤ ምልክት የሚያስፈልገው ሌላውን ሰው ሲያለብሱ ነው። ስፓኝኛ መሠረቱን በሌላው ላይ አድርጎ ለራስ «ሴ» ይጨምራል፤ አማርኛ ብዙ ጊዜ መሠረቱን በራስ ላይ አድርጎ ለሌላው «አ» ወይም «አስ» ይጨምራል፦ ለበሰ፣ አለበሰ፤ ነቃ፣ አነቃ፤ ተኛ፣ አስተኛ። «አጠበ፣ ታጠበ» እና «ላጨ፣ ተላጨ» ግን በስፓኝኛው መንገድ ይሄዳሉ። በግእዝ ትምህርት የምናውቃቸው አምስቱ አዕማድ፣ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ፣ ለራስ አድራጊ የብቻው ዓምድ አልቆሙለትም፤ በተደራጊው ጥላ ሥር አሳድረውታል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ለጊዜው ግን «ሹራቡን ለበሰ» የሚል ተርጓሚ የታሪኩን ፍሬ ነገር በመጀመሪያው መስመር እንደሚያጣው እንያዝ። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በራስ በኩል የሚገባ ልብስ በአማርኛ ይጠለቃል። ሹራብ አጠለቀ፣ ካባ አጠለቀ እንላለን። የ«አጠለቀ» ሥሩ «ጠለቀ» ነው፤ ፀሐይም ትጠልቃለች፣ ዋናተኛም ይጠልቃል። ሹራቡን ሊያጠልቅ ተነሥቶ ራሱ በሹራቡ ውስጥ የጠለቀ ሰው በስፓኝኛው ግሥ ውስጥ የለም፤ በታሪኩ ውስጥ ግን አለ።

ሁለተኛው ነገር የእጁ ነው። ስፓኝኛ በራስ አድራጊ ግሥ ሲናገር የአካል ክፍልን እንደ ደንቡ ለባለቤቱ አያዛርፍም። «ሴ ላባ ላስ ማኖስ» ቃል በቃል «እጆቹን» በተባለው አነጋገር የታወቁትን እጆች እንጂ «የእርሱን እጆች» አይልም፤ የማን እንደሆኑ «ሴ» ራሱ ይናገራል። «ሴ» ከተነሣ ግን እጅ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ኮርታሳር አልፎ አልፎ «የእርሱ» ቢልም እጁ ባዕድ የሚሆንበትን መንገድ ሰዋስው አስቀድሞ ጠርጎለታል። እንግሊዝኛ በአንጻሩ በየቦታው «የእርሱ እጅ» ማለት ግድ ይለዋል፤ ስለዚህም የእጁ መካድ በእንግሊዝኛ ድንገተኛ ተአምር ይመስላል። አማርኛ ግን ከሁለቱም የተሻለ ዕድል አለው። «እጁ» ስንል የእርሱ እጅ ነው ወይስ ያ የምናውቀው እጅ? መድረሻው «ኡ» አዛራፊም ነው፣ የታወቀ ነገር አመልካችም ነው። «ቀኝ እጁ ወጣ» የሚል ትረካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ ሊቀጥልና አንባቢው በመካከል ሳያውቀው «የእርሱ» የነበረውን «ያ» አድርጎ ሲያነበው ሊገኝ ይችላል። ተርጓሚው ማድረግ የሌለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ግልጽ ላድርግ ብሎ «የራሱ እጅ» ማለት።

«ራሱ» የሚለው ቃል ዋናው ጠላታችን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ራስ አድራጊ ግሥን የተማርነው በእንግሊዝኛ ሰዋስው በኩል ስለሆነ «ሴ»ን ባየን ቁጥር «ራሱን» እያልን እንተረጉማለን። የስፓኝኛው «ሴ» ግን ከዚያ እጅግ ይሰፋል። እርስ በርስነትን ይገልጻል፤ ተደራጊነትን ይገልጻል፤ ባለቤት የሌለውን ድርጊትም ይገልጻል። በመደብር መስኮት ላይ «ሴ አብላ ኤስፓኞል» ተብሎ ሲለጠፍ ስፓኝኛ ራሱን ያናግራል ማለት አይደለም፤ «ስፓኝኛ ይነገራል» ማለት ነው። ልብ እንበል፤ አማርኛውም ይህን ያለው በዚያው በ«ተ» ቤተሰብ ነው። በ«ይነገራል» ውስጥ «ተ» አይታይም፤ በሚቀጥለው ድምፅ ውስጥ ሰምጦ አጥብቆት ነው የቀረው። በጽሑፋችን ደግሞ መጥበቅ ስለማይታይ «ሰውዬው ይላጫል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላልቶ ሲነበብ ሌላውን የሚላጭ፣ ጠብቆ ሲነበብ ራሱ የሚላጭ ይሆናል። ስፓኝኛ በአንዲት ራሷን በቻለች ቃል የሚያሳየውን እኛ በምላስ ጥብቀት እንለየዋለን።

የታሪኩ ርእስ ከዚህ ባለቤት አልባ «ሴ» የተሠራ ነው። በስፓኝኛ አንድ ሰው ሕይወቱን በገዛ እጁ ሲያጠፋ ትቶት የሚሄደው ወረቀት የተለመደ አባባል ነው፤ ማንም በሞቴ ተወቃሽ አይሁን ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ ርእሱ «ማንንም አትውቀስ» ወደሚል ትእዛዝ ተለውጦ ይገኛል። ከዚያ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ወዲያው ችግር ላይ ይወድቃል፤ አትውቀስ፣ አትውቀሺ ወይስ አትውቀሱ? ተናጋሪው ማንን ነው የሚያነጋግረው? በመደብር የምትጠብቀውን ሚስቱን? አንባቢን? ፖሊስን? ስፓኝኛው ማንንም አያነጋግርም። ይህ ችግር እንግሊዝኛው የፈጠረው እንጂ የኮርታሳር አይደለም፤ የአማርኛም አይደለም። በእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ ሰው «በሞቴ ማንም አይጠየቅ» ነው የሚለው፤ የሚጠይቅ የለበትም፣ የሚታዘዝም የለበትም። «ማንም አይጠየቅ» ከሚለው የቀረበ ርእስ አላገኘሁም። አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በስፓኝኛው «ናዲዬ» ተሳቢ ስለሆነ ዐረፍተ ነገሩ ጭራሹን ባለቤት የለውም፤ በአማርኛ ግን «ማንም» ባለቤት ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ያህሉን ልንተወው እንችላለን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሰውዬው ምን ሆነ? ታሪኩን ከተማሪዎች ጋር በእንግሊዝኛ ባነበብኩባቸው ጊዜያት የሚበዙት «ራሱን ገደለ» ይላሉ፤ ጥቂቶች «በአጋጣሚ ወደቀ» ይላሉ፤ ክርክሩም በዚያው ይቆማል። በስፓኝኛ ግን «ሴ ማቶ» የሚለው ግሥ ሁለቱንም ያቅፋል። ሆን ብሎ ነፍሱን ያጠፋ ሰው «ሴ ማቶ» ይባላል፤ በመኪና አደጋ የሞተም «ሴ ማቶ» ይባላል። ቋንቋው በሁለቱ መካከል እንድንፈርድ አያስገድደንም። ርእሱ የሟች ኑዛዜ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ የአንድ አደጋ ዝርዝር ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይካካዳሉ። ሰውዬውን የገደለው የራሱ እጅ ነው ካልን «በገዛ እጁ ሞተ» የሚለው የእኛው አባባል ቃል በቃል እውነት ይሆናል፤ እጁ ግን የእርሱ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ «ራሱን ገደለ» ብሎ የሚተረጉም ወይም የሚተነትን ሰው ደራሲው ሆን ብሎ ክፍት የተወውን በር ዘግቶታል።

አማርኛ በሩን ክፍት የሚተውበት ግሥ አለው፤ የአዕማዱን ዝርዝር እንደ ጉድለት የማልቆጥረውም ስለዚህ ነው። «ከመስኮት ተወረወረ» ስንል ዘልሎ ነው ወይስ ጥለውት ነው? ግሡ አይናገርም። «ራሱን ወረወረ» ካልን ግን ፈርደናል። ራስ አድራጊና ተደራጊ በአንድ «ተ» ሥር መኖራቸው ለሰዋስው መምህር ራስ ምታት ሊሆን ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ድርሰት ግን ሀብት ነው። ይህ ሀብት በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከስፓኝኛ የሚመጣውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ወንፊት እያሳለፍን መቀበላችን ያሳዝነኛል። ሌላም ምሳሌ መጨመር ይቻላል። «ሴ ሜ ሮምፒዮ» የሚለውን የስፓኝኛ አነጋገር እንግሊዝኛ «ሰበርኩት» ወይም «ተሰበረ» ብሎ ይከፍለዋል። አማርኛ «ተሰበረብኝ» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ጥፋቱን አልቀበልም፣ ጉዳቱ ግን የእኔ ነው ማለት ነው። ልጁ የሞተበት ስፓኝኛ ተናጋሪ «ሴ ሜ ሙሪዮ» ሲል ከእኛው «ሞተብኝ» ጋር ሳይጠራራ ይገናኛል። የፔሩው ባለቅኔ ሴሳር ባዬሆ በፓሪስ እንደሚሞት አስቀድሞ በተናገረበት ግጥም «ሞተ»ን በ«ሴ» ቤት ግሥ አርብቶታል፤ በእንግሊዝኛ ከዚያ የሚተርፈው ደረቁ «እሞታለሁ» ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ ሞተ።

ኮርታሳር ራሱ በዩኔስኮ በተርጓሚነት የሠራ ሰው ነበርና እንዲህ ያለው የቋንቋ ድንበር ለእርሱ ባዕድ አልነበረም። ለአማርኛ ተርጓሚው ያስቀመጠው የመጨረሻው ፈተና ግን ሌላ ነው። ትረካው ሰውዬው ወደቀም ተወረወረም ሳይል በስም ያበቃል፤ የመውደቅ ግሥ በመጨረሻው ላይ የለም። አማርኛ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን በግሥ ካላሰረ አያርፍም፤ የተርጓሚው እጅ ብዕሩን ይዞ «ወደቀ» ሊል ይቁነጠነጣል። ግድ ከሆነበት «ተወረወረ» ይበል። እኔ ብሆን ግን አየሩ ሲያቅፈውና ሲዳብሰው ከተረክሁ በኋላ ግሡን አስቀርቼ «እና ዐሥራ ሁለት ፎቅ» ብዬ አራት ነጥብ አደርግ ነበር።