ሁለት መስመር በየቀኑ

ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ሁሉ አንዲት ፊደል እንቅልፍ ትነሳዋለች። ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲሆን ከግሱ ጫፍ የምትገባው «ኤስ» ናት። ታችኛው ክፍል ላይ ትሰጣለች፣ ሰባተኛ ላይ ትከለሳለች፣ ዘጠነኛ ላይ በባለቀለም ጠመኔ ይሰመርባታል። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ደንቧን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ስለ እናትህ ንገረን ሲባል ግን «ማይ ማዘር ወርክ ኢን ማርኬት» ብሎ ቁጭ ይላል።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፦ ስንፍና ወይም የአማርኛ ጫና። ስንፍናውን እንለፈው። የአማርኛ ጫና የሚለው ግን አይዋጥልኝም። አማርኛ ግሱን ለእሱ፣ ለእሷ፣ ለአንቺ፣ ለእነሱ እየለየ የሚያረባ ቋንቋ ነው፤ «እናቴ ገበያ ይሠራል» የሚል የባሕር ዳር ልጅ አላጋጠመኝም። ግስ ከባለቤቱ ጋር መስማማት እንዳለበት ተማሪዬ ከእንግሊዙ ልጅ ይበልጥ ያውቃል ማለት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮጀር ብራውን የሦስት ሕፃናትን ንግግር ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የብዙ ቁጥሯ «ኤስ» ቀድማ ስትመጣ የግሷ «ኤስ» በጣም ዘግይታ እንደምትከተል አሳይቷል። ድምፃቸው አንድ ነው፤ ተራቸው ግን የተለያየ ነው። እነዚያ ሕፃናት እንግሊዝኛን ከእናታቸው የሰሙ ናቸው። የእኔም ተማሪዎች የሚዘገዩት እዚያው ላይ ነው። ቋንቋ የራሱ ወረፋ አለው፤ የመማሪያ መጽሐፉ የምዕራፍ ቅደም ተከተል ወረፋውን አይቀይረውም።

ስህተትን በዚህ ዓይን እንድናይ ቀድሞ የጻፈልን እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ፒት ኮርደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967። የተማሪ ስህተት በአእምሮው ውስጥ ያለውን ሥርዓት ያሳያል ይላል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሦስት ዓመት ሕፃን እናቱን «ምጪ» ሲል ሰምቻለሁ። ይህን ቃል ከማንም አልሰማም፤ ሁሉም ሰው «ነይ» ነው የሚለው። ልጁ ደንቡን ራሱ አውጥቶ፣ ደንቡ በማይሠራበት ቦታ ሠራበት እንጂ። እናትየው አላረመችውም፤ ሳቀችና መጣች።

ከከተማው የሐይቅ ወደብ አካባቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተማሪ አለ። ቱሪስት በጀልባ ወደ ዜጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ከሚያጅቡት ወጣቶች አንዳንዶቹ እንግሊዝኛቸው ከብዙ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይሻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሥዕል እያሳዩ ሲያወሩም ሲሰሙም ቃሉና ነገሩ አብረው ናቸው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ስቲቨን ክራሸን ቋንቋ የሚገባን መልእክቱን ስንረዳው ነው ያለው ይህንኑ ነው። ግን ወሬው ከጉማሬው፣ ከዋጋውና ከገዳሙ ታሪክ ሲወጣ ይደርቃል። የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ስጡትና እዩት። ሌላው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ የመግባቢያ ቋንቋ ሌላ፣ የትምህርት ቋንቋ ሌላ ነው ያለውን ወደቡ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ስለዚህ መስማት ብቻውን አይበቃም። ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌን እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳመለከተችው፣ ካናዳ ውስጥ ለዓመታት በፈረንሳይኛ የተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ማዳመጡን ችለውታል፤ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ይሰነካከሉ ነበር። ተገደው የሚያወጡት ነገር አልነበረማ። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ካናዳ ሳይሆን የጎጃም ቅኔ ቤት ነው።

ግእዝን በእናቱ ጉልበት ላይ የሚማር ሕፃን ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ያም ሆኖ እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ቅኔ ቤቶች በግእዝ አዲስ ነገር የሚናገር ሰው ሲያወጡ ኖረዋል። እንዴት? ተማሪው ግስ ያጠናል፣ እርባታውን ይወርዳል፣ የመምህሩን ቅኔ ይቀጽላል። ይህ የሚታወቀው ክፍል ነው፤ የኛም ትምህርት ቤት የወረሰው ይህንኑ ብቻ ይመስለኛል። ያልወረስነው ቀጣዩን ነው። ገና ግሱን ሳይጨርስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ባለሁለት መስመሯን ጉባኤ ቃና ከራሱ ያወጣል፣ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያቃናል፣ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ረዘም ያሉት የቅኔ ዓይነቶች፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ የሚያድገው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ማለትም ጀማሪው ራሱ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በየቀኑ ማንም ብሎት የማያውቀውን ነገር እንዲል ይጠበቅበታል። በእኛ የእንግሊዝኛ ክፍል አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የራሱ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ሊወጣ ይችላል፤ ክፍት ቦታ ሲሞላ ከርሞ።

ቅኔ ቤቱን እንዳለ እንገልብጥ አልልም። ግእዝ በሥርወ ቃሉም በእርባታውም ለአማርኛ ዘመዱ ነው፤ እንግሊዝኛ ባዕድ ነው። የቅኔ ተማሪ በግእዝ ሽንኩርት ሲገዛ አይውልም። ዱላውም አይናፍቀኝም።

የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጆሮ ነው፤ ክፍለ ጊዜውን የምጀምረው ተረት በቀላል እንግሊዝኛ በማንበብ ነው። ተረቱ የአያ ጅቦ ነው። መጨረሻውን ሁሉም ስለሚያውቀው ቋንቋው ራሱ ይገለጥላቸዋል፤ ስለ ለንደን ባቡር የሚያወራው ምንባብ ይህን አይሠራም። ሁለተኛው ጉባኤ ቃናዬ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ሁለት መስመር ከራሱ ሕይወት ያወጣል። ክፍሉ ከስልሳ ስለሚበልጥ ሁሉንም መስማት አልችልም፤ ብዙ የተወራበትንና ብዙ የታማውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለዚህ አዋልኩት። የቡድኑ መሪ እንደ ቅኔ ቤቱ አስነጋሪ የጓደኞቹን መስመር ይሰማል፤ እኔ በየቀኑ አንድ ረድፍ እሰማለሁ።

እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን በሸፈነ ሰሞን የአንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ «ሌክ ኢዝ ግሪን። ማይ ፋዘር ካች ኖ ፊሽ» አለ። ሁለት መስመር፣ ሁለት ስህተት፤ እንደ እኔ ግን ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ጥሩው እንግሊዝኛ ነው። «ኦ፣ ሂ ካችስ ኖ ፊሽ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ዓሣው ስናወራ «ኤሷ» በጆሮው አለፈች። በዚያ ቀን አልያዛትም።

ትልቁ ጣጣ ያለው ግን ከእኔ ክፍል በታች ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ሲደነግግ፣ ክልላችን ግን ለብዙ ዓመታት ሂሳብንና ሳይንስን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆየ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው የካትሊን ሂውና የባልደረቦቿ ጥናት፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ የተማሩት በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ እንደሚያመጡ አሳይቷል። ወላጅ ግን እንግሊዝኛ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ልጁ የሚቀድም ይመስለዋል። ከአዊ የሚመጣውን ልጅ አስቡት፦ አውኝ የቤቱ ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው። ብርታቱ አለው፤ ሌላ ቋንቋ እንደሚለመድ አንዴ በራሱ አይቶታልና። ይህ የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ሳይነቀል ሁለተኛው ሲተከል ነው። ተቃራኒውን ለማየት ከዚህ ሐይቅ ዳር መራቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር፤ ጀርመናዊው ሚትቮህ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲጽፍ የሚናገሩት አማርኛ ሆኗል። የደንገል ታንኳውን አሠራር ልጅ ከአባቱ ተቀብሎታል፤ ቋንቋውን ግን አልተቀበለውም።

ባልደረቦቼ በሁለት መስመሬ ላይ ቅሬታ አላቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ትክክለኛዋን «ኤስ» ማጥቆር እንጂ መናገር አይጠይቅም ይላሉ። እውነት ነው፤ ደንቡን በቃሉ የያዘው ልጅ እዚያ ያገኛታል። ደግሞ ልጆቹ እርስ በርስ ይኮራረጃሉ ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ይኮራረጃሉ፤ የቅኔ ተማሪም የመምህሩን ሳይዝ የራሱን አይጀምርም። እየዋለ ሲያድር ግን ኩረጃው ራሱን ያጋልጣል፤ አባቱ ልብስ ሰፊ የሆነ ልጅ ተነስቶ «ማይ ፋዘር ካች ኖ ፊሽ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።