ወሰን፣ ገደብ፣ ልክ፣ ጣሪያ፦ የከተማ መንገድ ፍጥነት በሚደነገግባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

በከተማ መንገድ ተሽከርካሪ ሊሄድበት የሚፈቀደውን ፍጥነት ስለ መደንገግ፣ የተደነገገውንም ስለ መለወጥ በአማርኛ የሚጻፈው ጽሑፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መጥቷል። በ1956 ዓ.ም. በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 279 የትራንስፖርት ደንብ ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ተከተለ፤ እርሱም በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ከተሻሻለ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 557 ወጥቷል። ከደንቦቹ ሥር መመሪያዎች፣ ከመመሪያዎቹም ሥር የራዲዮና የጋዜጣ ማስታወቂያዎች አሉ። ሆኖም በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ለአንዱ ፅንሰ ሐሳብ አንድ ቃል አልጸናለትም። አንዱ ጸሐፊ «የፍጥነት ወሰን» ሲል ሌላው «የፍጥነት ገደብ» ይላል፤ «የፍጥነት ልክ» እና «የፍጥነት ጣሪያ» የሚሉም አይታጡም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ቃላት መርምሮ፣ የትኛው ቢጸና እንደሚሻልና የትኞቹ አነጋገሮች ቢተዉ እንደሚበጅ ማመልከት ነው።

ጉዳዩን የቃላት አዋቂዎች ጨዋታ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር አንድ ነገር ልናስታውሰው እንወዳለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3፣ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ሲገኝ የበላይነት ያለው አማርኛው እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ የሕጉ አሳብ በየትኛውም ቋንቋ ይታሰብ፣ ዳኛና የትራፊክ ፖሊስ የሚይዙት አማርኛውን ነው። አማርኛው ሁለት ትርጉም ከሰጠ ሕጉም ሁለት ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ቃላቱን የምንፈትንበት ቦታ ያስፈልገናል። ለዚህም በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘውን እህል በረንዳን መርጠናል። የቦታው ስም ራሱ ለነገራችን ይስማማል። «በረንዳ» ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የገባ ቃል ሲሆን ቤትም ያልሆነውን፣ ደጅም ያልሆነውን መካከለኛ ስፍራ ይጠራል። በእህል በረንዳም ሱቁ የት እንደሚያበቃና መንገዱ የት እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል። ጤፉ፣ ስንዴውና ባቄላው በኩንታል ከጭነት መኪና ይወርዳል፤ ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊውና ገዥው ከመኪናው ጋር በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ኩንታል ተሸክሞ ያጎነበሰ ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን እንጂ ከጎኑ የሚመጣውን አያይም። ቀን ቀን ፍጥነትን የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ሕጉ የሚያስፈልገው ግርግሩ በሳሳበት በማለዳና በምሽት፣ መንገዱም ለሾፌሩ ክፍት መስሎ በሚታይበት ሰዓት ነው።

በ2003ቱ ደንብ ለትናንሽ ተሽከርካሪዎች በከተማ ውስጥ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ተሸካሚውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ምንም ሳይበርድ 17 ሜትር አልፏል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን ያለፈው ርቀት 8 ሜትር ያህል ነው፤ የግጭቱም ኃይል አንድ አራተኛ ይሆናል። ቃሉ የሚሸከመው ይህንን ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንለፍ።

ሀ) ገደብ። ይህ ቃል በዜና ጽሑፍ እጅግ የተለመደ ነው፤ «የጊዜ ገደብ»፣ «ያለ ገደብ» እንላለን። «ገደበ» ከሚለው ግሥ የመጣ ስለሆነ ወራጅን ውኃ የማቆም ሥዕል አለው፤ ለፍጥነትም የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን በፍርድ ቤት ቋንቋ «ገደብ» ሌላ የጸና ሥራ ይዟል፤ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ በገደብ ይታገድለታል። በአንድ የትራፊክ ክስ ውስጥ «የፍጥነት ገደብ» እና «የቅጣት ገደብ» ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ አንዱ የተጣሰውን ሕግ፣ ሌላው የተገኘውን ምሕረት ያመለክታል። ለንግግር የማይከፋ ቃል ቢሆንም ለሕግ ቃልነት ግን አይመረጥም።

ለ) ልክ። «ከልክ በላይ» የሚለው አነጋገር ያማረና የቆየ ነው። ዳሩ ግን «ልክ» መጠን ብቻ ሳይሆን ትክክልም ማለት ነው። «የዚህ መንገድ የፍጥነት ልክ 60 ነው» ሲባል የሰማ ሾፌር፣ 60 መንዳት ተገቢው እንደሆነ፣ 40 የሚነዳውም እንዳጠፋ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በሕጉ ግን ቁጥሩ የማይታለፍ እንጂ ሊደረስበት የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ሕጉን ይገለብጣል።

ሐ) ጣሪያ። ከ«የዋጋ ጣሪያ» የተዋሰ አነጋገር ነው። እህል በረንዳ ደግሞ ይህን ቃል ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ የጤፍ ዋጋ «ጣሪያ ነካ» ሲባል እጅግ ወደደ ማለት ነውና። በአማርኛ ጣሪያ የሚነካ ነገር ነው፤ ሥዕሉ ከመከልከል ይልቅ የመድረስን አሳብ ይጠራል።

መ) ወሰን። እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያታችንም ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ «ወሰነ» የሚለው ግሥ ዳር ማበጀትንም፣ ቁርጥ አሳብ መስጠትንም በአንድነት ይይዛል። ወሰን ባለበት ወሳኝ አለ፤ ቃሉ «ማን ወሰነው?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እንግሊዝኛው «ሊሚት» ከላቲን የድንበር ስም የወጣ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቃላት ያለ ትርጉም ጥገኝነት በአንድ ሥዕል ተገናኝተዋል። ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት «ወሰን መግፋት» የሚለው አነጋገር ነው። ወሰን የገፋ ገበሬ ምን እንዳደረገ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የጎረቤቱን መሬት ወስዷል። ከወሰን ማዶ ሁልጊዜ ባለቤት አለ። ገደብና ጣሪያ ከሾፌሩ ጋር ብቻ የሚነጋገሩ ሲሆኑ፣ ወሰን ግን በማዶ የቆመውን ሰው፣ ማለት ተሸካሚውንና ጋሪ ገፊውን፣ በነገሩ ውስጥ ያስገባል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ይህ የቃሉ ጠባይ እንደ ጌጥ የሚታይ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ስሙ ብቻውን ቢስተካከል አይበቃም፤ አብረውት የሚሄዱት ሁለት ቃላት ያበላሹታልና።

የመጀመሪያው «ከፍተኛ» ነው። «ከፍተኛ የፍጥነት ወሰን» ሲባል ሊታለፍ የማይችለው ቁጥር ማለት ነውን? ወይስ በጣም ብዙ የሆነ ቁጥር? በአማርኛ «ከፍተኛ» ሁለቱንም ይላል። «በከፍተኛ ፍጥነት ሲያሽከረክር ተያዘ» በሚለው ዜና ቃሉ ብዛትን ሲያሳይ፣ «የመንገዱ ከፍተኛ ፍጥነት 30 ነው» በሚለው ማስታወቂያ ግን የመጨረሻውን ዳር ያሳያል። ተቃራኒው «ዝቅተኛ የፍጥነት ወሰን» ከዚህ ይብሳል፤ በፈጣን መንገድ ላይ ከዚያ በታች መንዳት የማይፈቀድበትን ቁጥር ወይም በቅርቡ የተቀነሰን ወሰን ሊያመለክት ይችላልና። ስለዚህ «የላይኛው የፍጥነት ወሰን» እና «የታችኛው የፍጥነት ወሰን» እንዲባል እንመክራለን። «ላይኛ» እና «ታችኛ» ቦታን እንጂ ብዛትን አይናገሩም፤ አሻሚነቱም ይቀራል።

ሁለተኛው «ማሻሻል» ነው። በሕግ አማርኛ «ተሻሻለ» ማለት ተለወጠ ማለት ነው፤ በሕዝቡ አማርኛ ግን በጎ ሆነ ማለት ነው። «የፍጥነት ወሰኑ ተሻሻለ» ሲባል ወጣ ወይስ ወረደ? ለሚቸኩል ሾፌር መሻሻል ማለት መጨመር ነው፤ ለተሸካሚው መሻሻል ማለት መቀነስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለሁለቱም ደስ የሚላቸውን ይነግራቸዋል። ይህም በአሳብ ብቻ ያለ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የመንግሥታት ተወካዮች፣ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚደባለቁበት መንገድ የላይኛው ወሰን 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተስማሙ። ስፔን በ2021 በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባላቸው የከተማ መንገዶች ላይ ይህንኑ ቁጥር ደነገገች። ዌልስም በመስከረም 2023 የመኖሪያ መንገዶችን ወሰን ከ30 ወደ 20 ማይል አወረደች፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የአካባቢ ምክር ቤቶች አንዳንዶቹን መንገዶች ወደ 30 እንዲመልሱ የሚያስችል መመሪያ ወጣ። ይህን ታሪክ የሚተረጉም ጸሐፊ ሁለቱንም ለውጥ «ተሻሻለ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምንም አይረዳም። መዝገበ ቃላታችን ሥራዎቹን መለየት ይኖርበታል፦ መጀመሪያ ሲደነገግ «ወሰነ»፣ የተደነገገው እንደገና ሲመረመር «ከለሰ»፣ በምርመራው መሠረት ሲለወጥ «ዝቅ አደረገ» ወይም «ከፍ አደረገ»፣ ሲቀር «ሻረ»። ክለሳ ውጤቱን አስቀድሞ አይናገርም፤ ለውጡም አቅጣጫውን አይደብቅም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የሰዋስው ነገር አለ። «ተወሰነ»፣ «ተሻሻለ»፣ «ተደረገ» የሚሉት ተገብሮ ግሦች ባለ ሥልጣኑን ይሰውራሉ። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ በከተማው መንገድ ምልክት የሚያስተክለው ሌላ አካል ነው። የእህል በረንዳ ነጋዴ ወይም ተሸካሚ በደጁ የሚያልፈው መኪና ፍጥነት ዝቅ እንዲል ቢፈልግ፣ አቤቱታውን ወዴት እንደሚወስድ ማስታወቂያው ሊነግረው ይገባል። አማርኛ አድራጊውን ለመናገር ምንም አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ለጸሐፊው ነው።

የሚቃወሙን ሁለት ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። አንደኞቹ «ቀይ ክብ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ቋንቋ አያስፈልገውም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከመተከሉ በፊት በስብሰባ የሚመከርበት፣ ከተተከለም በኋላ በችሎት የሚከራከሩበት በቃል ነው። ሁለተኞቹ «ሾፌሩ በራሱ ቋንቋ ይናገር» ይሉ ይሆናል። እኛም አንቃወምም። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ ከጣልያንኛ ገብተው አማርኛ ሆነዋል፤ ለፊዚክስ ትምህርት የተፈጠሩት «ቶሎታ» እና «ሽምጠጣ» ግን ወደ መንገድ አልወጡም። ከዚህ የምንማረው፣ የሚጸናው ቃል ሰው አስቀድሞ በእጁ የያዘው እንደሆነ ነው። «ወሰን» ከየትም የሚመጣ አይደለም፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ሾፌሩም ያውቀዋል።

በዚህ መሠረት፣ በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ «የፍጥነት ወሰን»፣ «የላይኛው የፍጥነት ወሰን»፣ «የታችኛው የፍጥነት ወሰን»፣ «የፍጥነት ወሰን ክለሳ» የሚሉት እንዲገቡ፣ «ከፍተኛ የፍጥነት ወሰን» የሚለው እንዲወጣ፣ «ማሻሻል» ለደንቡ እንጂ ለቁጥሩ እንዳይነገር አሳብ እናቀርባለን። የሕግ ተርጓሚዎች በሥራቸው ላይ ሞክረውት የሚያገኙትን እንቅፋት ቢያስታውቁን፣ ዝርዝሩ ከመጽናቱ በፊት ልንመረምረው ዝግጁ ነን።