የጋይሮስኮፕ መሣሪያዎች ትምህርትና የብልሽት ፍለጋ፦ የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ግምገማ

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ያዘጋጀውና በ2023 እ.ኤ.አ. ታድሶ የወጣው የበረራ ዕውቀት መጽሐፍ ለጋይሮስኮፕ መሣሪያዎች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ አቋሙን አጽንቶ እንደሚይዝ፣ ሲገፋም ውጤቱ ከተገፋበት ነጥብ 90 ዲግሪ አልፎ በሽክርክሩ አቅጣጫ እንደሚታይ በሥዕል አስደግፎ ያስረዳል። ማብራሪያው ጥርት ያለ በመሆኑ የፊዚክስ መምህር ሳይቀር ሊገለገልበት ይችላል።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ አደረጃጀት ተማሪውን ብልሽትን መርምሮ በማግኘት አያለማምድም። መሣሪያዎቹ ተራ በተራ ይገለጻሉ፤ የእያንዳንዱም ስሕተት በየራሱ ርእስ ሥር ተጽፏል። በሥራ ላይ ግን አስቀድሞ የሚታየው ምልክቱ ስለሆነ ተማሪው ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ መጓዝ ይኖርበታል።

በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ሰው ሠራሹን አድማስና የአቅጣጫ አመልካቹን የሚያሽከረክረው በፓምፕ የሚመጠጥ አየር ሲሆን፣ የመታጠፊያ አመልካቹ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱ የአየር መሣሪያዎች አብረው ሲሳሳቱ አስቀድሞ የሚመረመሩት ፓምፑ፣ ተቆጣጣሪው ቫልቭ፣ ማጣሪያውና ቱቦው ናቸው። የመምጠጫው መለኪያ ከ4.5 እስከ 5.5 ኢንች ሜርኩሪ እያሳየ አንዱ ብቻ ቢሳሳት ግን ጥርጣሬው ወደ ራሱ ወደ መሣሪያው፣ በተለይም ወደ ኩሽኔታው ይዞራል። መለኪያው ሲወርድ ማጣሪያውን ሳያዩ ቫልቩን ማስተካከል ቁጥሩን ይመልስ ይሆናል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም። የእነዚህ ነጥቦች መነሻ በመጽሐፉ ቢገኝም ተበታትኖ ስለ ቀረበ አንድ የአመራመር መንገድ አልሆነም።

ከዚህ የከፋው ጉድለት የአቅጣጫ አመልካቹን ይመለከታል። መጽሐፉ መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር አመልካቹ በሰዓት እስከ 15 ዲግሪ ሊሳሳት እንደሚችል ይገልጻል፤ ልኩ በኬክሮስ እንደሚለያይ ግን አያብራራም። 15 ዲግሪው የዋልታዎቹ ልክ ነው፤ በምድር ወገብ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በ9 ዲግሪ ሰሜን በምትገኘው አዲስ አበባ፣ ቆሞ ባለ አውሮፕላን ላይ፣ ከመሬት ዙረት የሚመጣው ስሕተት በሰዓት 2.3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ እዚህ 15 ዲግሪ የሳተን መሣሪያ በመጽሐፉ ቃል ብቻ ደኅና ነው ብሎ የሚያሳልፍ ተማሪ ያለቀ ኩሽኔታ ወደ ደመና ይልካል ማለት ነው።

መጽሐፉ ለአብራሪ እንጂ ለጥገና ባለሙያ አልተጻፈም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ምልክቱን አስቀድሞ አይቶ ለባለሙያው የሚያስታውቀው አብራሪው ነው። የተሽከርካሪው ፍጥነት ቀስ በቀስ ሲቀንስ አድማሱም ቀስ በቀስ ያዘነብላል፤ ደመና ውስጥ ያለ አብራሪም ሳይጠራጠር ሊከተለው ይችላል።

ስለሆነም በመጽሐፉ የሚጠቀሙ መምህራን የሦስቱን መሣሪያዎች የኃይል ምንጭ በአንድ ሠንጠረዥ አቅርበው ትምህርቱን ከምልክት ቢጀምሩ፣ የኬክሮሱንም ስሌት ለየአገራቸው ቢያሠሩ ጉድለቱ ይሟላል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም በፈተና የጋይሮስኮፕን ትርጉም ብቻ ሳይሆን «አስቀድሞ የሚመረመረው የቱ ነው? ለምን?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።