ቲኬቱ ላይ ያልሰፈረው «ለምን»

ኮድ የሚጽፍልንን ኤአይ ሥራችንን በቲኬት ከምንከታተልበት ከጂራ ጋር ስናገናኘው መጀመሪያ የተጋለጠው የቲኬቶቻችን ድህነት ነው። «የዓመቱ ሪፖርት ይስተካከል» ይላል አንዱ። መግለጫው ባዶ ነው፤ አንድም አስተያየት የለበትም። ድሮ ይህ ይበቃ ነበር። ቲኬቱን የወሰደው ልጅ ወንበሩን አዙሮ «የቱ ዓመት?» ይላል፣ «የበጀት ዓመት ነዋ፣ ከሐምሌ 1» ይባላል፣ አለቀ። ቢበዛ ቴሌግራም ላይ ይጻፍና በልደት ምኞቶች ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ኤአዩ ወንበር አያዞርም። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይቆጥራል፣ ቴስት ይጽፋል፣ ቴስቱም ያልፋል፣ ፑል ሪኩዌስቱን ይከፍታል። ኮዱ ንጹሕ፣ ሪፖርቱ የተሳሳተ። ከዚህ የሚከፋው እስከ 13 የሚቀበለውን የወር ቁጥር እንደ ስህተት ቆጥሮ 12 ላይ ሲያቆመው ነው፤ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ከዚያ በኋላ ሊመዘገብ አይችልም።

ማገናኘቱ ራሱ ቀላል ሆኗል። አንትሮፒክ ኤአይን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘውን ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን በኅዳር 2017 ዓ.ም. ለሁሉም ክፍት ካደረገ ወዲህ፣ ኮድ የሚጽፉት ክሎድ ኮድም ሆነ ከርሰር ጂራን፣ ጊትሀብን፣ ዶክመንቴሽን የምናስቀምጥበትን ኮንፍሉዌንስን በአንድ ዓይነት መንገድ ያነባሉ። ሲያነቡ የሚያገኙት ነገር ግን የእኛ ፈንታ ነው። የአሥራ ሦስቱን ወር ጉዳይ ክሎድ ኮድ ሥራ ሲጀምር በሚያነበው ክሎድ ዶት ኤምዲ ፋይል ላይ አስፍረነዋል፤ የበጀት ዓመቱንም እንዲሁ።

ዶክመንቴሽኑንስ ኤአዩ ይጻፈው? ኮዱ ምን እንደሚሠራ ይጻፍ፤ አይሰለቸውምና በዚህ ይበልጠናል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ካሉት ግን ባያውቅም መልስ አያጣም። ያልተሳካ ክፍያ በየ30 ደቂቃው እንደገና የሚሞከረው የሰርቨር ጫና ለመቀነስ ነው ብሎ ጽፎ አገኘሁ። እውነቱ ባንኩ ከዚያ በላይ አታስቸግሩን ስላለ ነው። የኤአዩ ዓረፍተ ነገር ኮንፍሉዌንስ ላይ ቢወጣ ኖሮ፣ በሌላ ቀን ያው ኤአይ የራሱን ግምት እንደ ማስረጃ አንብቦ «ሰርቨሩ ተሻሽሏል፣ በየደቂቃው እናድርገው» ማለቱ አይቀርም ነበር። ከባዶ ገጽ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል፤ ባዶ ገጽ ቢያንስ ሰው ያስጠይቃል።

የሶፍትዌር ባለሙያው ማይክል ናይጋርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ውሳኔ ከነምክንያቱና ከነመዘዙ በአጭሩ ተጽፎ ከኮዱ ጎን ይቀመጥ የሚለው፣ አሁን ነው ዋጋው የገባኝ። «ምን» የሚለውን ለኤአዩ ትተን «ለምን» የሚለውን ውሳኔውን የወሰነው ሰው በእጁ ይጽፋል። ቲኬት የመዝጋት ፈቃድም አልሰጠነውም። ደንበኞች ራሳቸው የሚከፍቷቸውን ቲኬቶች ሲያነብማ ምንም ነገር የመለወጥ መብት የለውም፤ እዚያ ውስጥ የተደበቀን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊቀበለው ይችላልና።

«ይህማ ጸሐፊነት ነው እንጂ ፕሮግራመርነት አይደለም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልከራከራቸውም፤ የሚከፍቱትን ቲኬት ግን ምክንያቱን እስኪጨምሩበት ድረስ እመልስላቸዋለሁ።