ከጉልበት ሎሚ በታች

እግሩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ እግር የተሠራ ነው። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው። አፉ ሰፋ ይላል፤ ባቱ ላይ መጠነኛ ሙላት አለው፤ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይጠባል። ሲያነሱት ከገመቱት ይቀልላል። ባለቤቱ እዚህ ፉሪ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በማዕረጋቸው «አሥር አለቃ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የጥጡን ካልሲ ገፈፍ አድርገው እግሩን ሲያቀብሉኝ «ያዘው፣ አይራገጥም» አሉኝ።

ዋናው ሥራ ያለው ውስጡ ነው። ጉማጁ የሚገባበትን ክፍል ባለሙያዎቹ ሶኬት ይሉታል። አውራ ጣቴን አስገብቼ ዙሪያውን ዳሰስሁት። ክብ አይደለም። ከፊት በኩል፣ ከጉልበት ሎሚ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ውስጥ የገባ አግድም እብጠት አለ። ሎሚውን ከአገዳ አጥንት ጋር የሚያስረው ጅማት እዚህ ላይ ያርፋል። ጅማቱ ጠንካራ ነው፤ የሰውን ክብደት ይችላል። ከኋላ፣ በጉልበት እጥፋት በኩል፣ ሌላ ግፊት አለ፤ ጉማጁ ከፊተኛው እብጠት ላይ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ከኋላው ጠርዝ ግራና ቀኝ ዝቅ ዝቅ ያሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ጉልበት ሲታጠፍ የቋንጃ ጅማቶች ይወጠራሉና መውጫ ተትቶላቸዋል። በውጭው ጎን ደግሞ አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ጣት ታገኛለች። ከቆዳ ሥር ምንም ሥጋ የሌላት የቀጭኗ አጥንት ራስ እዚያ ውስጥ ሳትነካ ትቀመጣለች። በአገዳው ስለትና በጉማጁ ጫፍም እንዲሁ ቦታ ተለቅቋል። ሥጋ የሚችለው ቦታ ይጫናል፤ የማይችለው ይተዋል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው።

ይህ ቅርጽ ከሰውየው ገላ ተነሥቶ እዚህ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ ጉማጁ ላይ ቀጭን እርጥብ ካልሲ ይለበሳል። ባለሙያው አጥንቱን በጣቱ እየፈለገ፣ ሲርስ ቀለሙን በሚለቅ እርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ሎሚውን፣ ጅማቱን፣ የአገዳውን ስለት፣ የቀጭኗን አጥንት ራስ። በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ይጽፋል። ከዚያ የጀሶ ፋሻ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይጠመጠማል። ፋሻው ሳይደርቅ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ከሎሚው ግርጌ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከኋላ አድርጎ ጨብጦ ይጠብቃል። ጀሶው ሲጠነክር የእጁ አያያዝም አብሮ ይቀራል። ፋሻው ሲወልቅ የእርሳሱ ምልክት ውስጡ ታትሞ ይገኛል። ባዶው ፋሻ በሟሟ ጀሶ ይሞላል፤ መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ ይተከልበታል። ከደረቀ በኋላ ፋሻው ሲላጥ የጉማጁ ምስል ይወጣል፤ ምልክቶቹም ለሦስተኛ ጊዜ አብረው ይወጣሉ። ከካልሲ ወደ ፋሻ፣ ከፋሻ ወደ ጀሶ የተሻገረች አንዲት የእርሳስ ክብ።

ምስሉ በቱቦው ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው የቀራጭ ነው። ግማሽ ክብ ሞረድ ይዞ የጅማቱን ቦታ ይፍቃል። ጀሶ ላይ የተፋቀው ሶኬቱ ላይ እብጠት ይሆናል፤ ጀሶ ላይ የተጨመረው ሶኬቱ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ እጁ ሁልጊዜ ተገልብጦ ማሰብ አለበት። ሸክም ከማይችሉት ቦታዎች ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ጀሶ ይለጥፋል፤ ይለካል፤ ይፍቃል፤ ደግሞ ይለካል። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አልፎ አልፎ በውኃ እያረጠበ ያለሰልሰዋል። አንዲት ጉብታ ብትቀር ነገ ቆዳ ላይ ቁስል ትሆናለች።

ፕላስቲኩ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። የእህል ማዳበሪያ ከረጢት የሚሸመነው ከዚሁ ነገር ነው። እዚህ ግን አራት ወይም አምስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ሉህ ሆኖ ይመጣል። በመጀመሪያ የነጠላ ጫማ ሶል ከሚሆነው ዓይነት ለስላሳ ስፖንጅ ሞቆ ጀሶው ላይ ይለበሳል፤ ይህ የሶኬቱ ገበር ነው። ከዚያ ሉሁ 180 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ሰዓት ማየት ብቻ አይበቃም። ፕላስቲኩ ሲበስል ድፍንነቱን ይተውና ብርሃን ማስገባት ይጀምራል፤ ባለሙያው በምድጃው መስኮት የሚጠብቀው ይህን ነው። ሁለት ሰዎች ወፍራም ጓንት አጥልቀው ሉሁን ከአራት ማዕዘኑ ያነሡታል፤ ጀሶው ላይ ይጥሉታል፤ ከኋላ በኩል ከላይ እስከ ታች ቆንጥጠው ያጣብቁታል። አየር መሳቢያው ይከፈታል፤ ሉሁ እየተሳበ እያንዳንዷን ጉድጓድ ይይዛል። ሁሉም ነገር ከደቂቃ በታች ያልቃል። ከዚያ ግን መቸኮል የለም። ፕላስቲኩ ጀሶው ላይ እንዳለ ያድራል። ትኩሱን ያወለቀ ሰው በማግስቱ የተጣመመ ሶኬት ይጠብቀዋል።

በማግስቱ ጀሶው ከውስጥ ተሰብሮ ይወጣል። ከጠቅላላው ሥራ ብዙው ጥበብ የፈሰሰበት ያ የተቀረጸ ጀሶ ነበር፤ እሱ ግን ቁርጥራጭ ሆኖ ይጣላል። ብዙ የእጅ ሥራ አይቻለሁ፤ የተካነበትን ክፍል ያለ ምንም ቅሬታ የሚሰብር ሙያ ግን አላውቅም።

ይህ የፖሊፕሮፒሊን አሠራር የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሥራ ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1979 የአካል ድጋፍ ፕሮግራሙን ሲጀምር እንጨት፣ ቆዳና ብረት ነበር የሚሠራበት። እንጨት ዝናብ ያበላሸዋል፤ ቆዳ ላብ ይጠጣል። ፖሊፕሮፒሊን ሁለቱንም አይፈራም፤ ሲሰነጠቅ ይበየዳል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በአካል ድጋፍ ሙያ የሚሰጠውን የብራያን ብላችፎርድ ሽልማት አገኘ። አዲስ አበባም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች በዚሁ አሠራር የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆና ቆይታለች።

ሶኬቱ ከታች ካለው ምሰሶና ከእግር መዳፉ ጋር የሚገናኘው ወዲያው በብየዳ አይደለም። መጀመሪያ በብሎን ነው። መገጣጠሚያዎቹ አንዱ ጎድጓዳ፣ አንዱ ጉብ ያለ ነው፤ ብሎኑ ላላ ሲል ምሰሶው ወደ ፈለጉት አቅጣጫ በጥቂቱ ያዘነብላል። ቱንቢ ከሶኬቱ መሃል ይወርዳል፤ ሶኬቱ ወደ ፊት አምስት ዲግሪ ያህል ይደፋል፤ መዳፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሰውየው በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል ይቆማል፤ ይራመዳል። ባለሙያው ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይመለከታል። ጉልበቱ ወደ ፊት ከተገፋ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ ከተገፋ ሌላ። ብሎኑን ሩብ ዙር ያላላል፤ ያስተካክላል፤ ያጠብቃል፤ «እንደገና» ይላል። ከብዙ «እንደገና» በኋላ ነው ብየዳው የሚመጣው፤ መዳፉ ግን በብሎን ይቀራል።

መዳፉ ቁርጭምጭሚት የለውም። የሚተጣጠፍ አንጓ በሌለበት ተረከዙ ለስላሳ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሲረግጡት ይጨመቃል፤ መጨመቁ የጎደለውን እንቅስቃሴ በከፊል ይተካል። ለጥ ባለ ወለል ላይ ይህ ይበቃል። ፉሪ ግን ለጥ ያለ አይደለም። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የፉሪ ተራራ ወደ ሰፈሩ ተዳፋቱን ይዘረጋል፤ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ኮብልስቶኑ ያልደረሰበት በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ነው። አሥር አለቃ የዳገት ቁልቁለቱን ዘዴ ገና እግሩ በተሠራበት ማዕከል ሳሉ ተምረውታል። «ሽቅብ ሲሆን የራሴ እግር ይቀድማል፤ ቁልቁል ሲሆን የመንግሥት።» ጓሯቸው ያለው የእንጨት ደረጃ ከተለመደው ዝቅ ያለ ነው፤ ርብራቡን የመቱት እሳቸው ናቸው።

እዚያው ማዕከሉ አድረዋል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሶኬቱ እስኪስማማው የሚተኛበት ማደሪያ አለ። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ስለ እግሩ ብዙ አይሉም፤ ስለ ውሎው ሥርዓት ነው። ጠዋት ጉማጁ በትንሽ መስተዋት ይመረመራል፤ በተለይ ዓይን የማያየው የኋላው ቆዳ። ከእርምጃ ልምምድ በኋላ እግሩ ወልቆ ቆዳው እንደገና ይታያል። ቅላት ካለ ይጠበቃል፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ ከጠፋ ደኅና ነው፤ ካልጠፋ ሶኬቱ ወደ ሞረዱ ይመለሳል። ጉማጁ በቀን ውስጥ ይሟሽሻል፤ ጠዋት አንድ ካልሲ የበቃው ከሰዓት ሁለት ሊፈልግ ይችላል። ሁለተኛውን መቼ እንደሚጨምር ገላውን አዳምጦ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከዚያ ሚዛን አለ። አንድ እግር በአንድ ሚዛን፣ ሌላው በሌላ ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ክብደት በዝግታ ይዛወራል። መተንፈስ እንጂ መናገር የለም፤ ይህም አንድ ዓይነት ተመስጦ ነው።

የጦር ጉዳተኞችን ከአድካሚ ኑሯቸው አውጥቶ በአንድ ግቢ ማሳረፍ፣ በእጅ ሥራና በተመስጦ ማስታመም በሌላው ዓለም ስሙ የታወቀ ሥራ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኤድንብራ አጠገብ በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ሐኪሙ አርተር ብሮክ በፍርሃት የተናወጡ መኮንኖችን በሥራ ያክም ነበር፤ ገጣሚው ዊልፍሬድ ኦወን የሆስፒታሉን መጽሔት እንዲያዘጋጅ ያደረገውም በዚሁ መንፈስ ነው። በኛ አገር የሸመገለ ወታደር ቆብ ደፍቶ ገዳም መግባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ እዚያም ሥራና ጸሎት ቀኑን ይካፈሉታል። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ሲበተን እሱን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተፈጥሯል። በመቐለ የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር የራሱን የአካል ድጋፍ ማዕከል ያካሂዳል፤ ጉዳተኞቹ ራሳቸው የሚያካሂዱት ወርክሾፕ መሆኑ ለኔ ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ከነበረው ጦርነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ የመመለስ ዕቅድ አውጥቷል። ከነዚህ ምን ያህሉ ጀሶ ፋሻ እንደሚጠመጠምላቸው ለማሰብ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ አያስፈልግም።

ስለ ተመስጦ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አሥር አለቃ የሌለው አውራ ጣታቸው ያሳክካቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ ጣቶቹ ተጣምመው የተቆለፉ ይመስላቸዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል ከአገሩ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1871 ይህንኑ ነገር ስም ሰጥቶ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በ22 ሰዎች ላይ የተጀመረ ጥናት ታተመ። አንደኛው ቡድን በቀን 15 ደቂቃ ደኅነኛ እግሩን በመስተዋት እያየ ሁለቱንም እግር ለማንቀሳቀስ ይሞክራል። ሌላው የተሸፈነ መስተዋት ፊት ይቀመጣል። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የሌለው እግሩ ሲንቀሳቀስ በሐሳቡ ይስላል። አራት ሳምንት ሲሞላ በመስተዋቱ ቡድን የነበሩት ስድስቱም ሕመማቸው ቀነሰ። ዓይናቸውን ከጨፈኑት ስድስት ውስጥ ግን የአራቱ ባሰበት። ጥናቱ ትንሽ ነው። ይሁንና ከሚዛኑ፣ ከካልሲውና ከጠዋቱ መስተዋት ጎን ሳስቀምጠው ይገባኛል፤ ጸጥታው የሚያርፍበት የሚታይ ነገር ሲያገኝ ይሠራል። ለዚህ ነው የተመስጦን ሥልጠና ከወርክሾፑ ነጥለው ለብቻው ሲያወድሱት የማልስማማው። አሥር አለቃም በመስተዋት ይጠቀማሉ፤ ቤታቸው ውስጥ ከቁምሳጥን በር ላይ የነቀሉት ነው፤ ሚስታቸው እስካሁን ያማርራሉ።

መዳፉን ገልብጬ ሶሉን አየሁት። ተረከዙ በውጭው በኩል ትንሽ ተበልቷል። ሲያልቅ መዳፉ በአንድ ብሎን ተፈትቶ ይለወጣል፤ ሶኬቱ አይነካም። የጫማው ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው። እግሩ የተስተካከለው ለአንድ የተረከዝ ከፍታ ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ለሆነ። ከፍ ያለ ጫማ ከተደረገ ጉልበቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ኋላ ይቆለፋል። ለፋሲካ ልጃቸው የገዛላቸው ቡኒ ጫማ ተረከዙ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ነበር። አሥር አለቃ ሜትር ይዘው ለኩት፤ ጫማውን ላስቲክ ውስጥ ከተው ወደ ጫማ ሰፊው ወሰዱት። ጫማ ሰፊው ሁለቱንም ተረከዝ እኩል ቆርጦ በሞረድ አስተካከለ፤ እሳቸውም አጠገቡ ቆመው፣ እያንዳንዱ ቆረጣ ሲያልቅ እየለኩ፣ «እንደገና» እያሉ አስጨረሱት።