የፎጎ ፊልሞች

እ.ኤ.አ. በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባልደረባ ኮሊን ሎው ካሜራ ይዞ ወደ ፎጎ ደሴት ሲሻገር፣ መንግሥት ደሴቲቱ ባለችበት በኒውፋውንድላንድ ክፍለ ሀገር ራቅ ያሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮችን እያስለቀቀ ነዋሪዎቹን ሌላ ቦታ ያሰፍር ነበር። የፎጎ ሰዎችም ነገ ተነሡ እንዳይባሉ ይሠጋሉ። ችግሩ፣ በአንድ ደሴት እየኖሩ መንደርና ሃይማኖት ስለለያያቸው እምብዛም አይመካከሩም።

ሎው 27 አጫጭር ፊልሞች ሠራ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ደንቡ ነው፦ የተቀረጸው ሰው ፊልሙን ቀድሞ ያያል፤ ያልወደደውን ያስወጣል፤ ሳይፈቅድም ለሌላ አይታይም። ይህን ሥልጣን ለባለታሪኩ የሚለቅ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ዛሬም ብዙ አይደለም። ከዚያ ፊልሞቹ በየመንደሩ ዞሩ። ስብሰባ ላይ ቢሆን ቃል ይመላለሱ የነበሩ ሰዎች፣ የወዲያኛው መንደር ዓሣ አጥማጅ ስለ ኑሮው ሲናገር ሳያቋርጡት ሰሙት። የሚያወራው የእነሱኑ ችግር ነበር። ፊልሞቹ ለባለሥልጣናትም ታዩ፤ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩም መልሳቸውን በፊልም ሰጡ።

ፎጎዎች አገራቸውን አልለቀቁም። የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ትልልቅ ጀልባም ራሳቸው መሥራት ያዙ። ይህን ሁሉ ያደረገው ፊልም ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ መደራጀቱ ከካሜራው በፊት ተጀምሯል፣ የክፍለ ሀገሩ የመሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችም ደክመውበታል። ካሜራው ባይኖር ግን የደሴቲቱ ድምፅ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሴንት ጆንስ የሚደርሰው በባለሙያ ሪፖርት ተጨምቆ፣ ቁጣውና ቀልዱ ወጥቶለት ነበር። ማኅበሩ ዛሬም ዓሣ ይገዛል፤ ያዘጋጃል፤ ይሸጣል።