«ነውር ነዋ!»

አንድ ቤተሰብ የሚወደው ውሻ ደጃፍ ላይ መኪና ገጭቶት ሞተ። የውሻ ሥጋ ይጣፍጣል ሲባል ሰምተው ነበርና ቆራርጠው፣ አብስለው ለእራት በሉት። ያያቸው ማንም የለም። በደል ፈጽመዋልን?

ይህን ጥያቄ ያነሣው ጆናታን ሃይት ነው። ያኔ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተማሪ ነበር፤ የዶክትሬት ጽሑፉንም እ.ኤ.አ. በ1992 ጨረሰ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከብራዚላውያን ባልደረቦቹ ጋር በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ በፊላዴልፊያ፣ በሬሲፌና በፖርቶ አሌግሬ 360 አዋቂዎችና ልጆች ተጠይቀዋል። የፊላዴልፊያ የኮሌጅ ተማሪዎች «ያስጠላል፤ ግን የራሳቸው ጉዳይ ነው» ወደ ማለቱ አዘነበሉ። ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው፣ ይልቁንም ብራዚላውያኑ፣ ድርጊቱን አወገዙ።

እኛስ? አማርኛ ለዚህ ስሜት የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ነውር። «ለምን?» ሲሉን «ነውር ነዋ!» እንላለን፤ ክርክሩም ተዘጋ።

ሃይት «ጻድቁ አእምሮ» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው የ2012 መጽሐፉ ይህን ነገር እስከ ፖለቲካ አደረሰው። ስሜት ዝሆን፣ ማመዛዘን ደግሞ ጋላቢ ነው ይለናል። ዝሆኑ አስቀድሞ ያዘነብላል፤ ጋላቢው እንደ ጠበቃ ምክንያት ይደረድርለታል። የፖለቲካ ባላንጣችን እብድ ወይም ክፉ ሳይሆን በሌላ ዝሆን ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኑን ማሳየቱ የመጽሐፉ ትልቅ ውለታ ነው።

ይሁንና ጋላቢው ከልክ በላይ ተንቋል። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ እንደ ውሻው ታሪክ ሁሉ «ማንም አልተጎዳም» የሚል ሌላ የሃይት ታሪክ መልሰው ፈተሹ። ብዙዎቹ ተጠያቂዎች ጉዳት የለም መባሉን አላመኑም። ምክንያት ያጡ የመሰሉት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው ማለት ነው፤ ያልተቀበሉት የተራኪውን ማረጋገጫ ነው።

ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጸያፍ የምንለው ነገር ማኅበርን እንደሚያስተሳስር ሃይት በሚገባ ያስረዳል። ያው ስሜት ግን ጎረቤትንም ያስጠላል። በ1994 በሩዋንዳ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ሲጠራ ዝሆኑን ነበር የቀሰቀሰው። ሰው ብቻውን ሲያስብ ሐሳቡን እምብዛም እንደማይለውጥ፣ ይልቁንም ሌላው ሲሞግተው እንደሚለውጥ ሃይት ራሱ ጽፏል። መጽሐፉ በዚህ ነጥብ ላይ ሰፋ ብሎ ቢሆን ኖሮ በወደድነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ነውር ነዋ!» ሲባሉ ያቺን «ለምን?» አንድ ጊዜ ይድገሟት።